ዘለን የምናልፋቸው ስሞች፡ የዕብራውያን የትውልድ ሐረግና የእኛ አገር ቆጠራ

መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ተነስቶ በአንደኛ ዜና መዋዕል መጀመሪያ ላይ ያልደከመ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! ዘጠኝ ምዕራፍ ሙሉ ስም ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፣ የእገሌ ልጆች እነ እገሌ ናቸው እየተባለ ይቀጥላል። ዳዊትንና ሰሎሞንን የሚያውቅ አንባቢ እነሱን ፍለጋ ገጹን ይገልጣል፤ በመሐል ያሉትን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እኔም ለቃል ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ርዕስ ስፈልግ በእነዚሁ ምዕራፎች ላይ ልሥራ ስል የክፍል ጓደኞቼ “ከዚህ ምን ይገኛል?” ብለው ስቀውብኝ ነበር።

የመረጥኩበት ምክንያት ግን አለኝ። የተወለድኩት ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ አካባቢ ነው። ከወልድያ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ የተጓዘ ሁሉ መርሳን ያውቃታል። በእኛ አካባቢ ትውልድ መቁጠር የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። አያቴ በጣቶቿ እያጠፈች ሰባት ቤት ስትቆጥር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታዲያ የእሷን አቆጣጠር የለመደ ጆሮ ዜና መዋዕልን ሲያነብ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። አያቴ አንድን ስም ከቆጠራው ውስጥ የምታነሳው እንዲያው ለማሳመር አልነበረም። “እሱን ካላነሳሁማ እነ እገሌ ከየት መጡ ልልህ ነው?” ትል ነበር። እያንዳንዱ ስም አንድ ጉዳይ ይዟል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው። በዕብራውያን የነገድ ሐረግ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ሰዎች፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተጠርተው የሚጠፉት ሴቶች፣ አገልጋዮችና የሌላ አገር ሰዎች፣ ቦታ መሙያ አይደሉም። አንድ መብት ወይም አንድ መንደር የተንጠለጠለባቸው ናቸው። ከዚህም በላይ ነገዱ ከብዙ ወገን የተሠራ መሆኑን የሚመሰክሩት እነሱው ናቸው። የስሞች አጻጻፍ ከትርጉም ትርጉም ስለሚለያይ፣ አንባቢ ራሱ ገልጦ እንዲያይ ምዕራፉንና ቁጥሩን አብሬ አስቀምጣለሁ።

ቆጠራው ለምን ተጻፈ?

በመጀመሪያ መጽሐፉ የተጻፈበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ በባቢሎናውያን ፈረሰች፤ ሕዝቡም ተማረከ። ባቢሎን በፋርስ ንጉሥ በቂሮስ እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ከ538 ጀምሮ ምርኮኞቹ እየተመለሱ መጡ። ዜና መዋዕል የተጻፈው ከዚህ መመለስ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አባቶቹ ከተሰደዱ ሁለት ትውልድ አልፎታል፣ እሱ ተመልሶ መጥቶ “ይህ የአባቴ ቦታ ነው” ይላል። በቦታው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ሰፍሯል። ታዲያ በምን ያረጋግጣል? በቆጠራ ነው እንጂ በሌላ በምን!

መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተመላሾች ዝርዝር በየአባታቸው ቤት ከተቆጠረ በኋላ፣ ከቁጥር 59 ጀምሮ የአባታቸውን ቤትና ዘራቸውን ማሳየት ያልቻሉ ሰዎች ይጠቀሳሉ። የዳላያ፣ የጦብያና የኔቆዳ ልጆች ሲሆኑ ብዛታቸው 652 ነው። ቀጥሎም ከካህናት ወገን ነን ብለው በመዝገብ ስማቸው ተፈልጎ ስላልተገኘ ከክህነት የተከለከሉ ቤተሰቦች አሉ። ከእነሱ አንዱ የቤርዜሊ ቤት ነው። አባታቸው ከገለዓዳዊው ከቤርዜሊ ሴቶች ልጆች አንዷን አግብቶ በአማቱ ስም መጠራት ጀመረ። ስሙ ወደ አማት ወገን ዞረና የካህንነት ሐረጉን ማሳየት ተቸገሩ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የእኛው ሰው ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜና ከዚያ በኋላ በነበረው የሰፈራ ፕሮግራም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቡር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወስዷል። ከዚያ የተመለሱ፣ ወይም እዚያው ተወልደው ያደጉና የወላጆቻቸውን አገር ፍለጋ የሚመጡ ሰዎች በየመንደራችን አሉ። እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ ሽማግሌ ፊት ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ “የማን ልጅ ነህ?” ነው። የአባቱንና የአያቱን ስም ይናገራል። ሽማግሌው ከዚያ በላይ ያለውን ይጨምርለትና “እንግዲያውስ የእኛው ነሃ!” ይለዋል። ሽማግሌው ባይኖርስ? ያ ሰው ከ652ቱ አንዱ ይሆን ነበር።

ከተማ የሚወልድ አባት

የዜና መዋዕልን ሐረግ ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያገኛል። በ1ኛ ዜና 2፥50-54 ላይ ሦባል የቂርያትይዓሪም “አባት”፣ ሰልማ ደግሞ የቤተ ልሔም “አባት” ተብለዋል። ቤተ ልሔም ግን ከተማ ናት። ሰው ከተማን እንዴት ይወልዳል? ምን ለማለት ነው ብትሉ፣ እዚህ ላይ “አባት” ማለት መሥራች፣ ወይም በዚያ ቦታ የሰፈሩት ሰዎች ሁሉ የሚጠሩበት የበላይ አባት ማለት ነው። የነገዱ ሐረግ በአንድ በኩል የቤተሰብ ዝርዝር ነው፤ በሌላ በኩል ሲታይ ደግሞ ካርታ ነው። አንዱ የአንዱ “ወንድም” ነው ሲባል፣ ሁለቱ መንደሮች ጎረቤትና ወዳጅ ናቸው ማለትም ሊሆን ይችላል።

ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ መሆን የለበትም። ከሀብሩ በስተደቡብ ተሻግረን የምናገኘው የደቡብ ወሎ ወረዳ ወረ ባቦ ይባላል። ወረ ኢሉ አለ፣ ወረ ሂመኖ አለ፣ ወረ ቃሉ የሚባል አውራጃም ነበር። “ወረ” በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ቤት ማለት ነው፤ ወረ ባቦ ሲባል የባቦ ቤት፣ የባቦ ወገን እንደ ማለት ነው። ወሎ የሚለው ራሱ መጀመሪያ የጎሳ ስም ሲሆን ኋላ ላይ የአገር ስም ሆነ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከዚህ አገር ሰፊው ክፍል ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ እሱም ያው “ቤት” ነው። ዛሬ ወረ ባቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ የባቦ የሥጋ ልጅ ነው የሚል የለም። ስሙ ግን የሁሉም መጠሪያ ሆኗል። ሰልማም ለቤተ ልሔም እንደዚሁ ነው።

አምስቱ እህትማማቾች

ከትናንሾቹ ስሞች ሁሉ በደንብ የሚታወቁት የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ። ከምናሴ ነገድ ናቸው። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ በምድረ በዳ ሞተ። እነሱም በሙሴና በአለቆች ፊት ቆመው፣ ወንድ ልጅ ስለሌለው የአባታችን ስም ከወገኑ መካከል ለምን ይጠፋል፣ ርስት ስጡን ብለው ጠየቁ (ዘኍልቍ 27)። ተፈቀደላቸው። በምዕራፍ 36 ላይ ደግሞ የነገዱ አለቆች መጥተው፣ እነዚህ ሴቶች ለሌላ ነገድ ሰው ቢዳሩ መሬቱ ከእኛ ይወጣል ብለው አቤት አሉ። ስለዚህ ከነገዳቸው ውስጥ እንዲያገቡ ተወሰነ። ክርክሩ የርስት ክርክር ነው፤ የስሙ ጉዳይም ከመሬቱ ጋር የታሰረ ነው።

አሁን ወደ ኢያሱ 17 እንሂድ። ለምናሴ ነገድ በዮርዳኖስ ምዕራብ የደረሰው ዕጣ አሥር ክፍል ነው ይላል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ስድስት ወገኖች ነበሩ፤ አቢዔዝር፣ ሔሌቅ፣ አሥሪኤል፣ ሴኬም፣ ሸሚዳና ኦፌር። የኦፌር ድርሻ ለልጁ ለሰለጰዓድ ይደርስ ነበር፤ እሱ ወንድ ልጅ ስላልነበረው በኦፌር ቦታ አምስቱ ሴቶች ገቡ። አምስት ወንድሞችና አምስት ሴቶች፣ በድምሩ አሥር።

አስደናቂው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1910 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቁፋሮ ቡድን በጥንታዊቷ ሰማርያ ከተማ በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስባሪዎች አገኘ። ከ60 በላይ የሚሆኑት ይነበባሉ። የተጻፉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ከየቀበሌው ወደ ከተማዋ የገባ የወይን ጠጅና የዘይት መዝገብ ናቸው። እንደ ዛሬ የመጋዘን ደረሰኝ ቁጠሯቸው። በእነዚህ ደረሰኞች ላይ የአካባቢ ስም ሆነው የሚነበቡት አቢዔዝር፣ ሔሌቅ፣ አሥሪኤል፣ ሴኬም፣ ሸሚዳ፣ ኑዓና ዔግላ ናቸው! አምስቱም ወንድሞች አሉ። ከአምስቱ እህቶች ሁለቱ አሉ። ኦፌር ግን የለም። የቲርጻ ስም ደግሞ ሰማርያ ከመቆርቆሯ በፊት የሰሜኑ መንግሥት መቀመጫ የነበረች ከተማ ስም ነው። ንጉሥ ዘንበሪ ስድስት ዓመት በዚያ ነግሦ ነው ወደ ሰማርያ የተዛወረው (1ኛ ነገሥት 16)።

ስለዚህ በሐረጉ ውስጥ “ሴት ልጅ” ተብላ የምትቆጠረው ስም፣ ሰዎች የሚያርሱባትና ወይን የሚጠምቁባት አገር ነበረች። ያንን ስም ከቆጠራው የሚሰርዝ ሰው የአንድ አካባቢ ሕዝብ መብት ሰረዘ ማለት ነው።

በአገራችን የርስት ሥርዓት ያጠኑ ምሁራን የሚነግሩን ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በጎጃም ደጋ ዳሞት ያጠናውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትሟል። እንደ እሱ ገለጻ፣ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። ከእሱ በታች ያሉት ልጆቹ፣ መሬቱ በስማቸው የተከፋፈለው፣ ምንዝር አባት ይባላሉ። ርስት ጠያቂው ሰው ከምንዝር አባቶች አንዱ ጋር መድረስ አለበት። መድረሻው መንገድ በአባት ብቻ አልነበረም፤ በእናትም፣ በአያትም፣ በቅድመ አያትም በኩል መቁጠር ይቻላል። በመሐል ያለች አንዲት ሴት ስሟ ከተረሳ ግን መንገዱ ተዘጋ፤ መሬቱም ቀረ። እንግዲህ ለዋናው አባት ማን ይጨነቃል? እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ጠበቃም ሽማግሌም የሚሟገተው በመሐል ባለችው ሴት ስም ላይ ነበር።

ግብጻዊው አገልጋይ

1ኛ ዜና 2፥34-41 ላይ አንድ አጭር ታሪክ አለ። ከይሁዳ ነገድ የሆነው ሶሳን ወንድ ልጅ አልነበረውም። ያርሐ የሚባል ግብጻዊ አገልጋይ ነበረውና ሴት ልጁን ለእሱ ዳረለት። ከእነሱም ዓታይ ተወለደ፤ ከዓታይ እስከ ኤሊሳማ 13 ትውልድ ይቆጠራል። የይሁዳ ልጆች ሆነው የተቆጠሩት እነዚህ 13 ትውልዶች በአባት በኩል የግብጻዊ አገልጋይ ዘሮች ናቸው። ጸሐፊው ይህን አልደበቀም። የሚገርመው ግን ልጅቱ እዚያው ጋብቻዋ በተነገረበት ቦታ ላይ በስሟ አልተጠራችም። ሐረጉ የሚሄደው በእሷ በኩል ሆኖ ሳለ ስሟ ቀረ!

ያርሐ ብቻውን አይደለም። የዳዊት እህት የአቢግያ ባል ዬቴር እስማኤላዊ ነው (2፥17)። የይሁዳ ሚስት ከነዓናዊት ናት (2፥3)። ሜሬድ የሚባል ሰው የፈርዖንን ልጅ ቢትያን አግብቷል (4፥18)። የምናሴ ቁባት ሶርያዊት ናት (7፥14)። ካሌብን ተመልከቱ፤ በዘኍልቍ 32፥12 ቄኔዛዊ ይባላል፣ ይኸውም የውጭ ወገን ነው። በዜና መዋዕል ግን ካሌብ የሚለው ስም በይሁዳ ሐረግ መካከል፣ ከኤስሮም ልጆች ጋር ተቆጥሮ እናገኘዋለን። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን የሚያዩት፣ አብሮ የኖረና አብሮ የተዋጋ ወገን ቀስ በቀስ በሐረጉ ውስጥ ቦታ እንደተሰጠው ምልክት አድርገው ነው።

በእኛም በኩል የየጁን መሳፍንት ሐረግ ማየት ይበቃል። ከታላቁ ራስ ዓሊ ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1784 ገደማ እስከ 1853ቱ የአይሻል ጦርነት ድረስ፣ በጎንደር ላይ የፈረዱት የወረ ሼህ ቤት ሰዎች ናቸው። ስሙ “የሼሁ ቤት” ማለት ነው፤ በባህላቸውም የበላይ አባታቸው ከዐረብ አገር የመጡ ሼህ ዑመር ናቸው ይባላል። ዳሩ ግን የቤቱ መሳፍንት ክርስትናን ተቀብለው ገዝተዋል፤ አብያተ ክርስቲያናትንም ደግፈዋል። ከእነዚህ መካከል ራስ ጉግሳ የታላቁ ራስ ዓሊ የእህት ልጅ ናቸው፤ ወደ ቤቱ የሚገቡት በእናታቸው በኩል ነው። ዳግማዊ ራስ ዓሊ ደግሞ የአሉላ ጉግሳ ልጅ ናቸው። አሉላ እንደ ወንድሞቹ እንደ ይማም፣ ማርዬና ዶሪ የእንደራሴነቱን ሥልጣን አልያዘም። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሚነሳው በአባቱና በልጁ መካከል ስለቆመ ብቻ ነው። የዓሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን ግን የወረ ሂመኖው የኢማም ሊበን ልጅ ናቸው፤ በልጃቸው ዘመን የነበራቸው ሥልጣን ቀላል አልነበረም። የአንድን ራስ ሐረግ በሦስት ስም ብቻ ስንቆጥር የጁና ወረ ሂመኖ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ አማርኛና ኦሮምኛ ተያይዘው መጡ። ይህ ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት አያት ዓሊ ሆኖ የልጅ ልጅ ገብረ መድኅን፣ ወይም ተገላቢጦሹ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስማቸውን ግዕዝ ያቆየላቸው እናቶች

ይህን ርዕስ ከሌላው ዓለም ይልቅ ለእኛ የሚያቀርበው አንድ ጉዳይ አለ። ኦሪት ዘፍጥረት የያዕቆብን ልጆች ሚስቶች አብዛኞቹን በስም አይጠራም። የዮሴፍን ሚስት አስናትን እናውቃለን፤ የሌዊ ሚስት፣ የጋድ ሚስት፣ የአሴር ሚስት ግን ማን ትባላለች? የአሥራ ሁለቱ ነገድ እናቶች ናቸው እኮ!

መልሱ በመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 34 ላይ ይገኛል። የሮቤል ሚስት አዳ፣ የሌዊ ሚስት ሜልካ፣ የጋድ ሚስት ማካ፣ የአሴር ሚስት ኢዮና እያለ ሁሉንም ይዘረዝራል። አገራቸውንም የሚናገርላቸው አሉ፤ የይሁዳ ሚስት ቤታሱኤል ከነዓናዊት፣ የሌዊ ሚስት ከአራም ልጆች ወገን፣ አስናት ግብጻዊት። በምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበሩትን ይጠራል፤ የቃየን ሚስት አዋን፣ የሴት ሚስት አዙራ፣ የላሜህ ሚስት ቤቴኖስ፣ የኖኅ ሚስት እምዛራ።

ኩፋሌ በዕብራይስጥ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ነው። ዕብራይስጡ ጠፋ፤ ግሪኩም ከጥቅሶች በቀር ጠፋ። ሙሉ መጽሐፉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ ስለያዘችው፣ በየዘመኑ የነበሩ ጸሐፍት በብራና ላይ እየገለበጡ አቆዩት። ጀርመናዊው ዲልማን የግዕዙን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1859 አሳተመው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች ሲገኙ፣ ከግዕዙ ጋር ሲነጻጸሩ የግዕዙ ትርጉም የቱን ያህል ታማኝ እንደሆነ ታየ። የላሜህ ሚስት የቤቴኖስ ስምም እዚያው ኩምራን በተገኘ ሌላ የአራማይክ ጽሑፍ ላይ ተገኝቷል። የእኛ ጸሐፍት ያልዘለሏቸውን ስሞች የዓለም ሊቃውንት ዛሬ ከእኛ ይማሯቸዋል ማለት ነው።

መጽሐፉ ራሱ ከሌላ ሕዝብ ጋር መጋባትን አጥብቆ የሚቃወም መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ምዕራፍ 30ን ያነበበ ያውቀዋል። ነገር ግን ይህን ያህል ጥብቅ የሆነ ጸሐፊ እንኳ የይሁዳን ነገድ እናት ከነዓናዊት ከማለት አልተመለሰም። ስሟንም አገሯንም ጻፈ።

እኛስ?

ለዚህ ጽሑፍ ስል መርሳ አካባቢ አንድ አዛውንት አነጋግሬ ነበር። ሲቆጥሩ እስከ አሥራ አንድ ቤት ይደርሳሉ፤ ማስታወሻ ደብተሬ አልበቃኝም። መጨረሻ ላይ “ጋሼ፣ የአራተኛው አያትዎ ሚስትስ ማን ይባሉ ነበር?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና “እሷማ የሰው አገር ሰው ናት፣ ከወደ ቆላ ያመጣት ናት ይላሉ። ስሟን ማን ያነሳዋል?” አሉኝ። ልጅ የወለደችው፣ ቤቱን ያቆመችው፣ አዛውንቱም ጭምር የተገኙባት ሴት ማለት ናት። ከሶሳን ልጅ በምን ተለየች?

ድሮ ርስት ነበርና ስሟን የሚያነሳ አይጠፋም ነበር። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ግን መሬት በቆጠራ አይጠየቅም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል፤ ይህ መልካም ነው። ከደብተሩ በፊት የነበሩት ሴቶች ግን በማንም አልተመዘገቡም። የጋብቻው ቆጠራ ሰባት ቤት ላይ ይቆማል፤ እሱንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በተካሄደው ጦርነት የየቤቱና የየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ሰነድ ወድሟል። ስለዚህ የሚቀረን የሰው አእምሮ ነው፤ እሱም ጊዜ አይጠብቅም።

አንዳንድ ጓደኞቼ “በዚህ ዘመን ዘር መቁጠር እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር አይሆንም ወይ?” ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰው በዘሩ ምክንያት ሲፈናቀልና ሲገደል አይተናልና። የእኔ መልስ ግን ይህ ነው፤ የሚያባላን ስሞችን የዘለለ ቆጠራ ነው። ግብጻዊውን አገልጋይ፣ ከነዓናዊቷን ሚስት፣ “የሰው አገር ሰው” የተባለችውን አያት ስንሰርዝ፣ የሚተርፈው ከአንድ ምንጭ የወረደ የሚመስል ንጹሕ መስመር ነው። ያ መስመር ውሸት ነው። ትናንሾቹ ስሞች ሲመለሱ ግን “እኛ” እና “እነሱ” የምንለው ወሰን የት ላይ እንደሚያልፍ ይጠፋብናል። ዘር ቆጠራ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ትውልድ ቆጠራ በደንብ ከተቆጠረ ሰውን ከሰው ያዛምዳል።

መጻፉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በናይጄሪያ የቲቭ ሕዝብ ዘንድ እንግሊዛውያን ሹማምንት የትውልድ ሐረግ መዝግበው ነበር። ሕዝቡ የመሬትና የጉርብትና ግንኙነቱ ሲለወጥ ቆጠራውንም በዚያው ልክ ያስተካክል ስለነበር፣ ከዓመታት በኋላ መዝገቡና የሕዝቡ ቃል ሳይገጥሙ ቀሩ፤ ክርክርም አስነሳ። ላውራ ቦሃናን እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው ጥናት ሐረግ የወቅቱ ግንኙነት ሰነድ መሆኑን አሳይታለች። ስለዚህ ስንጽፍ “እውነተኛው ሐረግ ይህ ነው” ብለን መዝጋት የለብንም። ማን ነገረን፣ መቼ ነገረን፣ በምን ጉዳይ ላይ ነው ይህ ስም የሚነሳው የሚለውን አብረን እንጻፍ። ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩ ሁለቱንም እንመዝግብ፤ መጽሐፍ ቅዱስም የካሌብን ሁለት ሐረግ ጎን ለጎን ይዞ ነው የኖረው።

በመጨረሻም ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለክረምት ወይም ለበዓል ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ውርጌሳም ይሁን ጊራና፣ ወልድያም ይሁን መርሳ፣ አንድ ደብተር በአራት ዓምድ ከፍለን እንያዝ። በመጀመሪያው የሰውየው ስም፣ በሁለተኛው የእናቱ ስም፣ በሦስተኛው እናቱ የመጣችበት አገር፣ በአራተኛው ስሙ የሚነሳበት ጉዳይ። የመጀመሪያው ዓምድ በቀላሉ እንደሚሞላ አውቃለሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዶ የሚሆኑበት ቦታ ላይ ግን ሳንሰለች ደጋግመን እንጠይቅ፤ አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለቴ ነው። መምህራኖቻችንም የተሰበሰበው ሁሉ በዲፓርትመንቱ ተቀምጦ ለሚመጡት ተማሪዎች የሚጠቅምበትን መንገድ ቢያስቡበት መልካም ይመስለኛል። በጽሑፌ ላይ አስተያየት ያለው አንባቢ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።